ከወርቁ በፊት ውሃው
በበረሃ ወርቅ ለሚፈልጉ ቡድኖች ስልጠና መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የመጣችሁት ስለ ወርቅ ለመስማት ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የማነሳው ውሃን ነው። በበረሃ ወርቅ ፍለጋ ሰው ላይ የሚደርሰውን ክፉ ነገር አስቡት። ጥሙ፣ አቧራው፣ ወርቅ ለመለየት የሚጠቀሙበት መርዛማ ፈሳሽ ብረት ሜርኩሪው። የሁሉንም ሥር ብትከተሉ የምትደርሱት አንድ ቦታ ነው፤ ውሃ የለም። ደቃቁ ወርቅ ከእጃችን የሚያመልጠውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ከ3300 ዓመት በፊት ገደማ፣ በግብፁ ንጉሥ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የተቀረጸ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። የተገኘው ከግብፅ በስተ ደቡብ ባለው የኑቢያ ምድር፣ ቁባን በሚባል ቦታ ነው። ወደ በረሃው ስለሚላኩ ወርቅ አጣቢዎች ያወራል። ከተላኩት ውስጥ የሚደርሱት ግማሾቹ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከሚነዷቸው አህዮች ጋር መንገድ ላይ በጥም ያልቁ ነበር ይላል። የንጉሡ አባት ቀዳማዊ ሴቲ ጉድጓድ አስቆፍሮ 120 ክንድ ድረስ ወርዶ ውሃ አጥቷል። ወርቁ እዚያው ነበር፤ የሚደርስበት ግን አልተገኘም። በኋላ ራምሴስ እንደገና አስቆፈረ፣ ውሃም ወጣ። ያ ድንጋይ የቆመውም ለዚሁ ውሃ መታሰቢያ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ጠጋ ስንል ምዕራብ አውስትራሊያን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1892 ኩልጋርዲ ላይ፣ በ1893 ደግሞ ካልጉርሊ ላይ ወርቅ ተገኘና ሰው ወደ ደረቁ አገር ነጎደ። የሚጠጣ ውሃ የሚያገኙት የጨው ውሃ አፍልተው እንፋሎቱን መልሰው በማቀዝቀዝ ነበር። የቆሸሸ ውሃ ታይፎይድ አመጣ፤ ብዙ ሰው ጨረሰ። በ1903 ወደ 560 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ ተዘርግቶ ውሃ እስኪደርስ ድረስ በዚህ መልክ ነበር የኖሩት። እስከዚያው አፈሩን በነፋስ ያዘሩ ነበር። ይህን ዘዴ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ዛሬም እንሠራበታለንና።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ወርቅ እጅግ ከባድ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል። ያንኑ ያህል ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ 2.65 ግራም ብቻ ነው። ከሰባት እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። የሥራችን ሁሉ መሠረት ይቺ ልዩነት ናት።

በረሃ ውስጥ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን በአንዴ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አሸዋውንም ድንጋዩንም ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል። ጉልበቱ በደከመበት ቦታ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ስለዚህ የደረቀውን ወንዝ ስትሄዱበት ውሃው የት ላይ እንደደከመ ጠይቁ። መታጠፊያው ላይ በውስጠኛው በኩል ነው። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ነው። ጠባቡ ሸለቆ በድንገት የሚሰፋበት ነው። ወለሉ አለት ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ነው።

ስንጥቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ቦታ ነውና። ስንጥቁን በአካፋ ጫፍ ጫር ጫር አድርጋችሁ አትለፉት። ቀጭን የታጠፈ ብረት ያዙ። እስከ ታች ድረስ ፋቁት። በመጨረሻ ጠንካራ ብሩሽ አስገብታችሁ ግድግዳውን ጥረጉና ዱቄቱን ሳህን ላይ ተቀበሉ። ከላይ ልል አሸዋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ጥቁር አሸዋ የተቀላቀለበት ተጣብቆ የደረቀ ጭቃ። የምትፈልጉት የመጨረሻውን ነው። ጥቁሩ አሸዋ ከባድ የብረት ማዕድን ስለሆነ ወርቅ የቆመበት ቦታ ላይ እሱም ይቆማል። እሱ ስላለ ግን ወርቅ አለ ማለት አይደለም፤ በዚህ የሚሸወድ ሰው ብዙ ነው።

በደረቅ አገር ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ቦታ ትንሽ ቆፍራችሁ በኖራ ተጣብቆ የጠነከረ ነጭ ንብርብር ታገኛላችሁ። እውነተኛው አለት ገና ታች ነው፤ ወርቁ ግን እዚህ ንብርብር ላይ አርፎ ሊቀር ይችላል። ሳትፈትሹ ሰብራችሁት አትለፉ።

ያገኛችኋትን ቅንጣት ደግሞ በማጉያ መነጽር እዩአት። ጠርዟ ሻካራ ከሆነ፣ ኳርትዝም ከተጣበቀባት፣ ከመነሻዋ ብዙ አልራቀችም። ተድበልብላ ለስልሳ ከሆነ ብዙ መንገድ ተጉዛለች። ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የት እንዳገኛችኋት በጂፒኤስ መዝግቡ።

መሬት ውስጥ ያለ ብረትን ስለሚጠቁመው መሣሪያ፣ ስለ ዲቴክተር፣ ብዙ እጠየቃለሁ። ጥሩ መሣሪያ ነው። ላይ ላዩን ያለን፣ ጠብሰቅ ያለ ወርቅ ያገኛል። ዱቄት የሆነውን ግን አያይም። ብረት የበዛበት ድንጋይም ያታልለዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ዲቴክተር ላይ አውጥቶ የውሃ በርሜል ሳይገዛ በረሃ የሚወጣ ቡድን ነው።

አፈሩን ማዝራት እህል እንደ ማዝራት ነው፤ ነፋሱ ቀላሉን ይወስዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ዛሬ ያንን የሚሠራ ሳጥን አለ። ከሥሩ በወናፍ ወይም በሞተር አየር ይገፋል፤ አየሩ በጨርቅ አልፎ አፈሩን ያንሳፍፈዋል፤ ወርቁ በጨርቁ ላይ በተጋደሙት እርከኖች ሥር ይቀራል። አፈሩ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥበት ካለው ጭቃው ወርቁን አቅፎ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አስጡት፣ ሰባብሩት፣ ንፉት።

ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ሳጥኑ ብዙ አፈር ወደ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አጥርቶ አይጨርስም። የቀረችውን እፍኝ በውሃ እጠቧት። እዚህ ላይ ነው በርሜሉ የሚያስፈልገው። ብዙ ውሃ አይጠይቅም። አንድ ሰፊ ገንዳ በቂ ነው፤ እዚያው ውስጥ ታጥባላችሁ፣ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ያለውን ውሃ ቀድታችሁ ደግማችሁ ትጠቀማላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት። ደቃቅ ወርቅ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የመሄድ ባሕርይ አለው፤ ሳሙናው እንዲሰጥም ያደርገዋል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ።

ድንጋይ በደረቁ ስትፈጩ የሚነሳው አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። የሚጎዳው የማይታየው ደቃቁ ነው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳንባውን ያጠነክረዋል። ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለቲቢም ያጋልጣል። አፍንጫ ላይ ሻሽ ማሰር አያድንም። ድንጋዩን አርጥባችሁ ፍጩ።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት የሆነውን ስሙ። ሰዎች የወርቅ ድንጋይ ቤታቸው ግቢ ውስጥ በደረቁ ይፈጩ ነበር። ድንጋዩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በብዛት ነበረበት። አቧራው ሕፃናት በሚጫወቱበት መሬት ላይ አረፈ። ከ400 በላይ ልጆች ሞቱ። ወላጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ እንደ እናንተው። ስለዚህ ወፍጮው ሰው ከሚተኛበት ይራቅ። በሥራ ልብስም ልጅ አትቀፉ።

ሜርኩሪ ደግሞ አለ። ውሃ ሲያጥር ማጠብ ይሰለቻል፤ ሜርኩሪ አቋራጭ ይመስላል። ከወርቁ ጋር ይጣበቃል፣ በጨርቅ ይጨመቃል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። የሚጠፋው ጭስ ግን የትም አይጠፋም። እናንተ ትተነፍሱታላችሁ፣ ድስቱ ላይ ያርፋል፣ ድንኳኑ ላይ ያርፋል። ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ማኅፀን ውስጥ ያለውን ልጅ ይደርስበታል። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ከእኛ ሥራ፣ ከአነስተኛና ባህላዊ ወርቅ ማውጣት ነው የሚወጣው። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህን ጨምሮ የሜርኩሪን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

ከገንዳው የወጣውን አጥርታችሁ፣ ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት ስባችሁ ከቀነሳችሁ፣ የቀረውን ቦራክስ በሚባል ነጭ ዱቄት ማቅለጥ ይቻላል። ቦራክስ ቆሻሻውን ለብቻ ያቀልጠውና ወርቁ ከሥር ይሰበሰባል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ማጠቡ ላይ የቸኮለ ሰው እዚህ ይሸነፋል። እስካሁን ሜርኩሪ የምትጠቀሙና በአንድ ቀን መተው ያልቻላችሁ ካላችሁ፣ ቢያንስ ጭሱን መልሶ በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ አቃጥሉት። በግልጽ እሳት ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ አይደረግ። ይህን እለምናችኋለሁ።

ስለ ራሳችሁ ሰውነትም አንድ ነገር ልበል። በሙቀት ውስጥ ስትሠሩ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁሉ አንድ ኩባያ ጠጡ፤ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ይሆናል። ጓደኛችሁ መቀባጠር ከጀመረ፣ ወይም ሰውነቱ እሳት ሆኖ ላቡ ከቆመ፣ ሥራ አቁሙ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለትና በቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ለማጠቢያ ያስቀመጣችሁት ውሃ ካለ እሱኑ ተጠቀሙ። ወርቁ ይቆያል።

ደረቅ ወንዝ ውስጥም አትደሩ። ሰማዩ እናንተ ዘንድ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ቡድን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሃ የሚቆጣጠር አንድ ሰው ሹሙ። ምን ያህል እንደተያዘ፣ ምን ያህል እንደቀረ፣ መቼ መመለስ እንዳለባችሁ እሱ ይወስን። «በቃ፣ እንመለስ» ካለ፣ ጉድጓዱ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ክርክር አይኑር።

ገንዳዎቹ ውጭ ተዘጋጅተዋል። የራሳችሁን አፈር ይዛችሁ የመጣችሁ በቀኝ በኩል ጀምሩ፤ መጀመሪያ ንፉት፣ ከዚያ ወደ እኔ አምጡት።

አመሰግናለሁ።