ከውድድሩ መድረክ እስከ መጀመሪያው አልበም

ውድ ወጣት ድምፃውያን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ኤላ ሄንደርሰን ነው። በፈረንጆቹ 2012 በእንግሊዙ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር፣ በኤክስ ፋክተር፣ ስትቀርብ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ለዳኞቹ የዘፈነችው «ሚስድ»ን ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው፤ በሞት ለተለዩዋት አያቷ የሠራችው።

ታሸንፋለች ያለው ሰው ብዙ ነበር። 6ኛ ወጣች። በስንብቱ ዙር አብሯት የቆመው ጄምስ አርተር ነው። ዳኞቹ ሁለት ለሁለት ተከፈሉ፤ የሕዝቡ ድምፅ ሲታይ እሷ ተሸኘች። እሱ በመጨረሻ ውድድሩን አሸነፈ።

እስቲ የውድድር ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ አስቡት። ጭብጥ ይሰጣችኋል። የሌላ ሰው ዘፈን ትመርጣላችሁ። ለቴሌቪዥን እንዲያጥር አንዱ ቤት ይቆረጣል፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው እሱ ላይ ነው። ከዚያ የመጨረሻው አዝማች ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ድምፅን ያጠነክራል፣ አልክድም። ዘፈን መጻፍን ግን አያስተምርም። አሸናፊው እንኳ ከድሉ በኋላ ወዲያው ያወጣው ነጠላ ዜማ ቀድሞ ሌላ ድምፃዊት የዘፈነችው ነበር።

እኔ በጣም የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ጊዜ ነው። ኤላ ከተሸኘች በኋላ አልበሟ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ስሟ ትኩስ እያለ የሆነ ነገር ለቀቅ ማድረግ ይቻል ነበር። እሷ ግን ስትጽፍ ቆየች። ከዘፈን ደራሲው ራያን ቴደር ጋር የጻፈችው «ጎስት» በጁን 2014 ወጥቶ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። በኦክቶበር «ቻፕተር ዋን» አልበሟ ተከተለ፤ እሱም 1ኛ። ያ ለአያቷ የሠራችው ዘፈንም አልበሙ ውስጥ ገብቷል። አስቡት፤ ውድድሩ ሳይጀመር በእጇ የነበረ ዘፈን ነው።

ወላጆች፣ አደራ፤ ልጃችሁ ከውድድር ሲሰናበት «በቃ፣ አለቀ» አትበሉት። የሚጽፍበት ጊዜ ስጡት። እናንተም ልጆች፣ ለውድድር ስትመዘገቡ ቢያንስ አንድ የራሳችሁን ዘፈን ጨርሳችሁ ግቡ።

ከሻይ በኋላ እዚሁ ነኝ። ያላለቀ ዜማ ያለው፣ ስልኩ ላይ በእንጉርጉሮ የቀዳውም ቢሆን፣ ይዞልኝ ይምጣ። አብረን እንሰማዋለን።