ልጃችሁ ፒያኖን በየትኛው መንገድ ይማር?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የክረምት ትምህርት ሲቃረብ ብዙ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «የትኛውን መጽሐፍ እንግዛለት?» ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። የልጃቸው ጊዜ እንዳይባክን፣ ገንዘባቸውም ሜዳ ላይ እንዳይቀር ይሻሉ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ከመመረጡ በፊት መወሰን ያለበት ነገር አለ። ተማሪው አስቀድሞ የሚገናኘው ከድምፁ ጋር ነው ወይስ ከወረቀቱ ጋር? እኔ አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ድምፁ ይቅደም፣ ኖታው ይከተል፣ ነገር ግን ኖታው ፈጽሞ አይቅር።

በከተማችን ሁለት ዓይነት ተማሪዎች አያለሁ። አንደኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስቱን መስመሮች እያየ የሚያድግ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ የሚቀመጥለት ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ባየር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው የጀማሪዎች መማሪያ ነው፤ ዛሬም በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ትንሽ ከፍ ሲል ፈረንሳዊው ሻርል ሉዊ ሃኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተማቸው 60 የጣት መልመጃዎች ይመጣሉ። እነዚህን መጻሕፍት አላጣጥልም። ጣትን ያፍታታሉ፣ ሥርዓት ያስይዛሉ። ነገር ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ዜማ የሌለበትን መልመጃ ወር ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስትመላለስበት ፒያኖን ሳይሆን መታከትን ትማራለች። ወረቀቱን ከፊቷ ስታነሱትም እጇ ይቆማል፤ እናቷ የምታንጎራጉርላትን ዜማ እንኳን ፈልጋ አታገኝም።

ሁለተኛው ተማሪ በቤተ ክርስቲያን ወይም በባንድ ኪቦርድ እየነካካ በጆሮው የተማረው ነው። ጆሮው የሚያስደንቅ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማውን መዝሙር ወዲያው ይጫወተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ዘማሪው ከፍ ወዳለ ድምፅ ልሂድ ሲል ነው። ተማሪው እጁን አያዛውርም፤ የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ በለመደው ቦታ ይቀጥላል። ይህን ልጅ እውነተኛ ፒያኖ ፊት አስቀምጡት፤ 88ቱ ቁልፎች ከፊቱ ተዘርግተው ሳለ የሚያውቀው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ተሰጥኦ ያለው ልጅ በአንዲት የትራንስፖዝ ቁልፍ ምክንያት ለዓመታት ባለበት ሲቆም ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። በአገራችን የዜማ ትምህርት ሁለቱም አብረው ኖረዋል። በዜማ ቤት መርጌታው ያዜማል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይደግማል፤ ዜማው ጆሮው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይመላለስበታል። የዜማ ምልክቱም ደግሞ አለ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይተረካል። ምልክቱ የተሠራው ቀድሞ ለነበረ ዜማ ነው። ጆሮውን ያልሠራ ሰው ምልክቱን ብቻ ይዞ የትም አይደርስም፤ ምልክቱን የማያውቅም ሊቅ ተብሎ አይቆጠርም።

በፒያኖም ምስክሮች አሉን። የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ በሥርዓቱ ተምረዋል፤ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ሥራዎቻቸውን ስትሰሙ የተማሩት ኖታም፣ ከአገራቸው የወረሱት ቅኝትም በአንድ እጅ ላይ ናቸው። የፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ ፒያኖን ከመያዙ በፊት ክራር ይጫወት ነበር። ከዚያ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቡልጋሪያ ሶፍያ ተማረ። የሁለቱ መነሻ የተለያየ ነው፤ ሁለቱም ግን ጆሮአቸውን ይዘው ኖታን አልሸሹም።

በውጭ አገርም ይህንኑ ያሰቡ ነበሩ። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ሕፃን ሰዋስው ሳይማር የእናቱን ቋንቋ እንደሚናገር አይቶ በዚያው መንገድ ሙዚቃን ማስተማር ጀመረ፤ ዘዴው በኋላ ለፒያኖም ውሏል። ልጁ የሚማረውን ዜማ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሰማል፣ ወላጁም ትምህርቱ ላይ አብሮ ይቀመጣል። እጅግ የምወደው ዘዴ ነው፤ ጊዜ የሌለው ወላጅ ግን አይጀምረው፤ የኖታ ንባቡንም ብዙ የሚያዘገይ መምህር ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ ደግሞ የአገሩን ገበሬዎች ዜማ በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1939 የጻፋቸውን ከጀማሪ የሚነሱ 153 አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች በስድስት ቅጽ ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለልጁ ለፔተር አበርክቷል። በውስጣቸው አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች የተሠሩም አሉ። የኛ ልጅ እነዚህን ሲጫወት ባዳ አይሆንባቸውም።

አሁን ወደ ፒያኖው እንምጣ፤ ይህን ክፍል በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ብዙዎቹ የጀማሪ መጻሕፍት አምስቱን ጣቶች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ላይ ተክለው ይነሳሉ። የኛ ዜማዎች ግን በዚያ አይገቡም። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ይልና ፋን ዘሎ ሶልና ላ ላይ ያርፋል። ታዲያ ልጁ ቤቱ የሚሰማውን ዜማ ፒያኖው ላይ ፈልጎ ሲያጣ፣ ፒያኖ የሌላ ሰው ዕቃ ነው ብሎ ቢያምን ምን ይደንቃል? እኔ በመጀመሪያው ቀን ልጁን ከጥቁሮቹ ቁልፎች አስጀምረዋለሁ። ከፋ ሻርፕ፣ ማለትም ከፋ በስተቀኝ ካለው ጥቁር ቁልፍ፣ ተነስቶ አምስቱን ጥቁሮች ብቻ ቢነካ ትዝታ ሜጀር ይወጣለታል፤ በማንኛውም ቢሳሳት ከቅኝቱ አይወጣም። ከዚያ ወደ ነጮቹ እንሻገራለን። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ይህ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ሳይቀይር ከሚ ይጀምራቸው፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ሌላው ቅኝታችን አምባሰል መጣ! መነሻው ሲቀየር ስሜቱ ሁሉ እንደሚቀየር ልጁ በገዛ ጆሮው ሲሰማ ፊቱ ላይ የማየውን ደስታ ልገልጽላችሁ አልችልም። ያን ዕለት አምስቱን ድምፆች በአምስቱ መስመሮች ላይ እጽፍለታለሁ፤ ኖታው የሚያውቀውን ነገር ስለሚነግረው አይፈራውም።

እርግጥ ነው፣ ፒያኖ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች የተቃኘ በመሆኑ የማሲንቆን ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት አይሰጠንም። ለዚህ ነው ጎን ለጎን ዘፈኑን ማዜም የሚያስፈልገው።

ለአዋቂዎች አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ንባቡን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት፤ ምልክትን ለመረዳት አእምሮአችሁ ዝግጁ ነው። ከሥራ መልስ በየቀኑ የምትቀመጡባት 20 ደቂቃ ከቅዳሜው የሦስት ሰዓት ልፋት ትበልጣለች። የስልክ መተግበሪያዎችም ትክክለኛውን ቁልፍ በጊዜው መንካታችሁን ይነግሯችኋል፤ የተገተረ ትከሻና የወደቀ የእጅ አንጓ ግን አይታያቸውም። ሰው የሚያርማችሁ ፈልጉ፣ በወር አንድ ቀንም ቢሆን።

ስለዚህ ለትምህርቱ ከመክፈላችሁ በፊት መምህሩን አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠን እንመልከት በሉት። ተማሪው ከመጫወቱ በፊት ያዜማል? የሚያውቀውን ዜማ ያለ ወረቀት ፈልጎ እንዲያገኝ ዕድል ይሰጠዋል? ያንኑ ዜማ ከሌላ ቁልፍ ተነስቶ ይሞክረዋል? ያገኘውን ጽፎ ያነበዋል? መምህሩ ለእነዚህ ቦታ ካለው፣ በእጁ ያለው መጽሐፍ ባየርም ይሁን ሌላ፣ ልጃችሁን አምናችሁ ስጡት።

የአዳራሹ ፒያኖ ለዛሬ ምሽት ክፍት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከጥቁሮቹ ቁልፎች እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።