የብረት የጥርስ ሙሌትና የልጆች ሽፍታ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ጥርሷ በብረት በተሞላ በማግስቱ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። ከሙሌቱ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። አማልጋም የሚባለው የብረት ሙሌት በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። የብረት አለርጂ ከሰዓታት እስከ ቀናት ቆይቶ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ሙሌቱ ሳይነካ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የወጣበትን ቀን ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ሐኪም ሳያየው ግን ምንም ቅባት እንዳይቀቡ።

ጥያቄ፦ ሙሌቱ ጉንጩን በሚነካበት ቦታ ብቻ ነጭ መረብ የመሰለ ነገር አለ።

መልስ፦ ይህ ከሙሌቱ ጋር የመያያዙ ዕድል ሰፊ ነው። ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የልጄን ፊት ከፋርማሲ የገዛሁትን ክሎቤታሶል ቅባት ስቀባው ሽፍታው ይጠፋል፤ ሳቆም ይመለሳል። ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም! ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን ከሚያፍኑ) ቅባቶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። የልጅ የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን በብዛት ይመጥጣል። ሲደጋገም ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ በአፉ ዙሪያ ሌላ ሽፍታ ይወጣል፤ ዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። «ጠፋ» ያሉት መቆጣቱ ስለታፈነ እንጂ መንስኤው ስለተወገደ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ተቀብቶት ዳነ ማለት ለእርስዎ ልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ለሳምንታት ተቀብቶ ከሆነ ሲያቆሙት ብሶ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቱቦውን ይዘው ዛሬ ነገ ሳይሉ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሙሌቱን ላስወጣው?

መልስ፦ መጀመሪያ የአለርጂ ምርመራ። በሙሌቱ ውስጥ ያሉት ብረቶች እንደ ፕላስተር በሚለጠፍ ልጥፍ የልጁ ጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ልጥፉ ሲነሳ ቆዳው ይታያል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል። ጀርባው ላይ ስቴሮይድ ከተቀባ ውጤቱ ያሳስታል፤ ይኸው ቅባት እዚህም ያበላሻል። ሙሌት ሲሰረሰር የሜርኩሪ ትነት ስለሚወጣ፣ የግድ ከሆነ ሐኪሙ ጥርሱን በላስቲክ ከልሎ፣ ውኃ እያፈሰሰና በኃይለኛ መምጠጫ እየሳበ በትልልቁ ቆራርጦ ያውጣው። ለሚተካው ነጭ ሙሌትም አለርጂ ያለበት ልጅ አለ። አለርጂው ካልተረጋገጠ ደህና ሙሌት አይነካም።

ጥያቄ፦ ልጄን የጆሮ ጌጥ ያሳክካታል፤ የብረት የጥርስ ክዳን ይደረግላት?

መልስ፦ የጆሮ ጌጥ የሚያሳክከው ብዙውን ጊዜ ኒኬል በሚባለው ብረት ነው፤ ክዳኑም ኒኬል አለበት። ከመገጠሙ በፊት ለሐኪሟ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከተሞላለት ከሰዓታት በኋላ ከንፈሩ አበጠ።

መልስ፦ በማደንዘዣ የደነዘዘ ከንፈሩን ነክሶት ይሆናል፤ ቁስል ካለ ይዩ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ምላሱ ካበጠ ወይም ሰውነቱን ሽፍታ ከወረሰው ግን ስልኩን ይዝጉና አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።