«ከእነዚህ ይልቅ ትወደኛለህን?»፦ ስለ ደቀ መዛሙርቱ ድካም የተደረገ ውይይት

ሄለን፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወዳጆቻችን። ዛሬ ስለ ደቀ መዛሙርቱ ድካም ነው የምናወራው። ብሩክ፣ ሰሞኑን ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ተቀምጠህ ቀርተሃል አይደል?

ብሩክ፦ አዎ፣ መላቀቅ አቃተኝ። ሰላም ለሁላችሁም። ምዕራፉን አብዛኞቻችን የምናውቀው በተራራው ክፍል ነው። ኢየሱስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ይወጣል፣ መልኩም በፊታቸው ይለወጣል። እኔን የያዘኝ ግን ከተራራው በታች የሆነው ነው። ዘጠኙ ደቀ መዛሙርት እዚያ ቀርተዋል። አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ርኩስ መንፈስ ይጥለዋል፣ አረፋ ያስደፍቀዋል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ደቀ መዛሙርቱ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ጻፎች ከበው ይከራከሯቸዋል፣ ሕዝቡ ያያል።

ሄለን፦ ያውም ከዚህ በፊት በቻሉት ነገር ነው የተዋረዱት።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ። ምዕራፍ 6 ላይ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልካቸው በርኩሳን መናፍስት ላይ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ብዙ አጋንንትም አውጥተዋል። እና አሁን ምን ጎደለ? ቤት ገብተው ብቻቸውን ሲሆኑ ራሳቸው ጠየቁት፣ «እኛ ልናወጣው ያልቻልን ስለ ምንድር ነው?» ብለው። ይህ ዓይነቱ ያለ ጸሎት አይወጣም አላቸው።

ሄለን፦ ብዙ ጊዜ ይህን መልስ የምንሰማው «በደንብ አልጸለያችሁም፣ ጨምሩ» እንደሚል ተግሣጽ ነው።

ብሩክ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማነበው። ግን እስቲ ታሪኩን መለስ ብለሽ እይው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የጸለየው ማነው?

ሄለን፦ አባትየው!

ብሩክ፦ አባትየው! ጻፎቹ ይከራከራሉ፣ ደቀ መዛሙርቱ ይከራከራሉ፣ ሕዝቡ ይሮጣል። ያ ሰውዬ ግን እየጮኸ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ከዚህ የበለጠ ጸሎት የለም። ያለውንም የሌለውንም አንድ ላይ አቀረበ። ኢየሱስ ደግሞ «እንግዲያው አለማመንህን ጨርሰህ ና» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

ሄለን፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ አባት መጀመሪያ ያለው «ቢቻልህ» ነው። «ቢቻልህ ግን እዘንልን፣ እርዳንም»። በዚህ ቃል ብዙ ሰው ይገስጸዋል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ይሰበራል። ኢየሱስ «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ» አለ። ልጁን ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥና ውኃ ውስጥ ሲጥለው አይቷል። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ አስቡት። ከዚያ በኋላ እንኳ የጌታ ተማሪዎች ናቸው ብሎ ወደነሱ አመጣው፣ እነሱም አልቻሉም። «ቢቻልህ» ያለው ንቆ አይደለም፤ ደክሞት ነው።

ብሩክ፦ ጌታም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ጊዜውን የጠየቀው ብዬ አምናለሁ። መፈወሱ ባይቀርም ሰውዬው እንዲናገር ፈቀደለት።

ሄለን፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ግን ልሞግትህ። ድካምን ስናወራ አንዳንዴ ድካሙን ራሱን ጥሩ ነገር እናስመስለዋለን። ኢየሱስ እኮ እዚያው ቦታ ላይ «የማታምን ትውልድ ሆይ፣ እስከ መቼ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ? እስከ መቼስ እታገሣችኋለሁ?» ብሏል። ቀላል ቃል አይደለም።

ብሩክ፦ አይደለም። እኔም ላለዝበው አልፈልግም። አለማመን ያሳዝነዋል። ግን ቀጥሎ ያለውን ቃል እይው፦ «ወደ እኔ አምጡት»። ተግሣጹና ጥሪው በአንድ ትንፋሽ ነው የወጡት። ተቆጥቶም ልጁን አልመለሰም፣ እነሱንም አላሰናበተም። ወንጌልን ከዳር እስከ ዳር ብታነቢ በድካሙ ምክንያት ወደ ኢየሱስ መጥቶ «ሂድ» የተባለ ሰው አታገኚም። ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ መስጠም ሲጀምር «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» አለ። ማቴዎስ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው ይላል። «አንተ እምነት የጎደለህ፣ ስለ ምን ተጠራጠርህ?» ያለው ከያዘው በኋላ ነው።

ሄለን፦ መጀመሪያ እጁ፣ ከዚያ ጥያቄው።

ብሩክ፦ አዎ። ታዲያ ደቀ መዛሙርቱን በእርግጥ የጎዳቸው ምንድነው? ለዚህ ነው ከምዕራፍ 9 መውጣት ያቃተኝ። ልጁን መፈወስ ካቃታቸው በኋላ ወደ ቅፍርናሆም ይሄዳሉ። ቤት ሲገቡ ኢየሱስ «በመንገድ ምን ስትነጋገሩ ነበር?» አላቸው። ዝም አሉ። ለምን? በመንገድ የተከራከሩት ማን ይበልጣል ብለው ነበራ።

ሄለን፦ ያውም ዘጠኙ በሰው ፊት ከወደቁ በኋላ!

ብሩክ፦ ቆይ፣ ገና ነው። ትንሽ ቆይቶ ዮሐንስ መጣና «መምህር ሆይ፣ አንድ ሰው በስምህ አጋንንት ሲያወጣ አየን፣ ስለማይከተለንም ከለከልነው» አለ። እነሱ ማውጣት ያቃታቸውን ሌላው ሲያወጣ ከለከሉት። ይህን ማርቆስ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

ሄለን፦ ሦስቱን እንደዚህ አያይዤ አንብቤያቸው አላውቅም። ከለከልነው ያሉት ደግሞ ኢየሱስን ስለማይከተል አይደለም፤ «ስለማይከተለን» ነው ያሉት።

ብሩክ፦ እኔ የምለው ይሄ ነው። ድካማቸው ከጌታ አላራቃቸውም፤ «እኔ እበልጣለሁ» ማለታቸው ነው ዓይናቸውን የጋረደው። ድካማቸው ቢታወቃቸው ኖሮ እንደዚያ አባት ይጮኹ ነበር። እነሱ ግን ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ራሳቸውን እየለኩ ስለነበር የሚጮኹበት ምክንያት አልታያቸውም።

ሄለን፦ ይሄ ነገር እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ይዟቸው ሄዷል። ሉቃስ 22 ላይ እራት ተበልቶ፣ ኅብስቱ ተቆርሶ፣ ጽዋው ተሰጥቶ፣ ወዲያው ማን ታላቅ ነው የሚል ክርክር ተነሣ ይላል። በዚያ ማዕድ!

ብሩክ፦ ወዲያው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው «ስምዖን፣ ስምዖን ሆይ» የሚመጣው። ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ፣ «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ»። ጴጥሮስ ገና አልካደም። መካዱን ራሱ አላሰበውም። ጌታ ግን ጸልዮለት ጨርሷል። «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» አለው። ብትመለስ አላለውም።

ሄለን፦ በዚች ቃል ላይ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ። ጌታ ስለ እኔ ሳያውቀው የሚደርስበት ነገር የለም ማለት ነው። ብዙ ሰው ከወደቀ በኋላ ጸሎት ይተዋል። «በምን ፊቴ?» ይላል። ትንሽ ልስተካከልና እመለሳለሁ ይላል፣ ወራቱ ዓመት ይሆናል። እንደዚህ የሆነ ሰው እየሰማን ከሆነ እባክህ፣ እባክሽ፣ ሉቃስ 22 ቁጥር 31ና 32ን ዛሬ ማታ አንብቡት።

ብሩክ፦ የጴጥሮስን መልስ ደግሞ ማርቆስ 14 ላይ ስናየው፣ «ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ ግን አልሰናከልም» ነው ያለው። ጌታን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ከልቡ ነው የተናገረው። ግን ፍቅሩን የለካው በሌሎቹ ውድቀት ነው። ሁሉም ቢሄዱ፣ እኔ ግን።

ሄለን፦ ከዚያ በኋላ ጌቴሴማኒ አለ። «ስምዖን ሆይ፣ ተኝተሃልን? አንዲት ሰዓት ስንኳ ልትተጋ አልቻልህምን?»

ብሩክ፦ ሦስት ጊዜ ተኝተው ነው ያገኛቸው። እሱን እንለፈውና ወደ ሊቀ ካህናቱ ግቢ እንሂድ፤ እዚያ ብዙ የሚታይ ነገር አለ። ጴጥሮስ እኮ ፈሪ ሰው አልነበረም። ያንኑ ሌሊት ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቆርጧል። በፋናና በጦር መሣሪያ የመጣ ጭፍራ ፊት ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን የበር ጠባቂ ገረድ ስትጠይቀው «አይደለሁም» አለ።

ሄለን፦ ዮሐንስ ሌሊቱ ብርድ ነበር ይላል። ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቃሉ፣ ጴጥሮስም ከእነሱ ጋር ቆሞ ይሞቃል። ሦስተኛው ጠያቂ ደግሞ ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ ዘመድ ነው። «በአትክልቱ ከእርሱ ጋር እኔ አይቼህ አልነበረምን?» አለው። ማቴዎስ ላይ አነጋገርህ ይገልጥሃል ብለውታል፤ የገሊላ ሰው መሆኑ ከአፉ ያስታውቃል። በየት በኩል ይሽሽ? በሚናገረው ሁሉ ራሱን ያጋልጣል።

ብሩክ፦ ሉቃስ ብቻ የጻፈው አንድ ነገር አለ። ዶሮ ሲጮኽ ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን አየው።

ሄለን፦ ያ እይታ ምን እንደነበረ ወንጌላዊው አይነግረንም። ወቀሳ ብቻ ቢሆን ግን ጴጥሮስ የሚመለስ አይመስለኝም። የጸለየለት ሰው እኮ ነው ያየው።

ብሩክ፦ እኔም እንደዛ ነው የማምነው። ይህን ሁሉ ስናነብ ደግሞ ከየት እንዳገኘነው እንርሳ አይባልም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የሂራፖሊስ ጳጳስ ጳጲያስ፣ ማርቆስ የጻፈው ከጴጥሮስ የሰማውን ነው ብሏል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው ያቆየልን። ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ፣ ስለ ክህደቱ የነገረን ራሱ ጴጥሮስ ነው። ሳይሸፍን፣ ሳያሳንስ። ከሚከበር ሐዋርያ አፍ!

ሄለን፦ ከተነሡት አይቀር ሴቶቹንም ላንሣ። ወንዶቹ ሲሸሹ መግደላዊት ማርያም፣ የያዕቆብና የዮሳ እናት ማርያም፣ ሰሎሜም ከሩቅ ሆነው ስቅለቱን አይተዋል። ወደ መቃብሩም የሄዱት እነሱ ናቸው። ግን ማርቆስ እነሱንም በፍርሃት እየተንቀጠቀጡ ሲሸሹ ነው የሚያሳየን። ማንንም ፍጹም አድርጎ አላቆመልንም። መልአኩም ለሴቶቹ የሰጣቸው መልእክት «ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ ንገሩ» የሚል ነው። የጴጥሮስ ስም ለብቻው ተጠራ።

ብሩክ፦ በዚያ ሰዓት ስሙ ተለይቶ መጠራቱ ለጴጥሮስ ምን ያህል እንደሚሆን ተመልከቺ። «ደቀ መዛሙርቱ» ብቻ ቢባል፣ እኔ ከእነሱ ውስጥ የለሁበትም ሊል ይችል ነበር።

ሄለን፦ በል ወደ ዮሐንስ 21 እንሂድ።

ብሩክ፦ የጥብርያዶስ ባሕር ዳር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምዱ አድረው ምንም አልያዙም። ነጋ። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም አዩ። ጴጥሮስ በፍም ዳር የቆመው በዚያች ሌሊት ነበር። አሁን ፍሙን ያዘጋጀው ኢየሱስ ነው። መጀመሪያም ምሳ ብሉ አላቸው። ከበሉ በኋላ ነው የጠየቀው፦ «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ፣ ከእነዚህ ይልቅ ትወደኛለህን?»

ሄለን፦ «ከእነዚህ ይልቅ»። ያቺን የራሱን ቃል ነው የመለሰለት።

ብሩክ፦ ሁሉም ቢሰናከሉ ያላትን! ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ሦስቱን ክህደትና ሦስቱን ጥያቄ ያስተያያል፣ ትክክል ነው። እኔ ግን የጴጥሮስን መልስ ነው የማየው። «አዎን ጌታ ሆይ፤ እንድወድህ አንተ ታውቃለህ»። ከእነዚህ ይልቅ የሚለውን አልነካውም። ዞሮ ቶማስን አላየም፣ ናትናኤልን አላየም። የራሱን ልብ እንኳ ምስክር አላደረገም። አንተ ታውቃለህ አለ።

ሄለን፦ ያኔ «እኔ ግን» ነበር። አሁን «አንተ ታውቃለህ» ሆነ።

ብሩክ፦ ጌታም ጠቦቶቹን ለዚህ ሰው ሰጠው። በጎቼን ጠብቅ አለው። ማስረጃ አልጠየቀውም፣ የሙከራ ጊዜም አልሰጠውም። እኔ የበጎች እረኛ ማን ይሁን ብባል፣ ወድቆ የማያውቀውን ነበር የምመርጠው። ጌታ የመረጠው ግን መውደቅን የሚያውቀውን ነው። የወደቀ በግ ሲያይ የማይጸየፈውን።

ሄለን፦ ደስ የሚለው ደግሞ ታሪኩ እዚያ ላይ ተዘግቶ ጴጥሮስ መልአክ አልሆነም። ጌታ በምን ሞት እግዚአብሔርን እንደሚያከብር ነግሮት «ተከተለኝ» እንዳለው፣ ጴጥሮስ ዞር ብሎ ጌታ ይወደው የነበረውን ደቀ መዝሙር አየ። «ጌታ ሆይ፣ ይህስ ሰው እንዴት ይሆናል?» አለ።

ብሩክ፦ ደቂቃ አልቆየም እኮ!

ሄለን፦ ልማድ ነዋ። ይቅር ተብሎ፣ ተልእኮ ተቀብሎ፣ እንደገና ወደ ጎን አየ። ጌታም «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» አለው። ይህን ሳነብ እጽናናለሁ። ይህ የማወዳደር ነገር በእኔ ውስጥ በአንድ ጸሎት አልሞተም። ሌላው ሲባረክ፣ የሌላው አገልግሎት ሲሰፋ፣ ይህስ ሰው እላለሁ። ያቺ መልስ ለእኔም ትመጣለች።

ብሩክ፦ ጴጥሮስ ግን በኋላ የት እንደደረሰ በመልእክቱ ይታያል። 1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 5 ላይ ለሽማግሌዎች ይጽፋል። የእግዚአብሔርን መንጋ ጠብቁ ይላቸዋል፣ ባሕር ዳር የተሰጠውን አደራ እያካፈላቸው። ራሱንስ ማን ብሎ አስተዋወቀ መሰለሽ? የሐዋርያት አለቃ አላለም።

ሄለን፦ «እኔ ከእነርሱ ጋር ሽማግሌ የሆንሁ»።

ብሩክ፦ ከእነርሱ ጋር። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንግዲህ ከዚያው ምዕራፍ እንጀምራለን።

ሄለን፦ ምዕራፍ 5ን አንብባችሁ ጠብቁን። ሰላም ሁኑ።