የዝላዩ ቁጥር ከየት መጣ?

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች፣ አትሌቶች፤

የረጅም ርቀት ሯጭ ጥንካሬና ፈጣን ኃይል እንዴት እንደሚለካ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ሯጭ ጥንካሬ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የፊንላንድ ጥናት መልሱን ከሰጠ ቆይቷል፤ የሥልጠናቸውን ከፊል በዝላይና በአጫጭር የፍጥነት ሩጫ የተኩ ሯጮች በ9 ሳምንት ውስጥ፣ የኦክስጅን አቅማቸው ሳይጨምር፣ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን አሻሽለዋል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኔ ጥያቄ በየመዝገባችን ስለምናሰፍረው ቁጥር ነው። ከየት መጣ?

ከዝላይ ልጀምር፤ ሁሉም የሚሠራው እሱን ነውና። የመዝለያ ምንጣፍም ሆነ የስልክ ካሜራ ከፍታን አይለካም። የሚለካው እግር ከመሬት ተለይቶ የቆየበትን ጊዜ ነው። ከፍታው በስሌት ይወጣል፤ ጊዜው በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በ9.81 ተባዝቶ ለ8 ይካፈላል። 0.50 ሴኮንድ አየር ላይ የቆየ አትሌት 31 ሴንቲሜትር ገደማ ዘለለ ይባላል። ያው አትሌት ሊያርፍ ሲል ጉልበቱን ቢያጥፍስ? እግሩ መሬት የሚነካው ዘግይቶ ስለሆነ ሰዓቱ 0.53 ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስሌቱ 34 ሴንቲሜትር ይላል። ጡንቻው ቅንጣት አልተለወጠም፤ እኛ ግን «ሥልጠናው ሠራ» ብለን እንጽፋለን! እጁን ካወዛወዘማ ቁጥሩ ከዚያም ይብሳል።

ስለዚህ እጅ ከመነሻ እስከ ማረፊያ ወገብ ላይ ይሁን። እግር አየር ላይ ይዘርጋ፤ ማረፊያው በጣት በኩል ይሁን። ሦስት ዝላይ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ሁለቱ ምርጥ ዝላዮች ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከተራራቁ አራተኛ ይጨመር። ጫማው ያው፣ ወለሉ ያው፣ ማሟሟቂያው ያው ይሁን። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ጠዋት ሰውነት ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ውጤት ይመጣል። ከከባድ ሩጫ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይለፍ። ሰኞ ከረጅም ሩጫ ማግሥት፣ ሐሙስ ደግሞ ካረፈ በኋላ እየለኩ ማወዳደር፣ በየቀኑ ሚዛን የሚቀያይር ነጋዴ ትርፉን እንደሚቆጥረው ነው።

ይህን ሁሉ ጥሶ በ2 ሴንቲሜትር ልዩነት አንድን አትሌት «ደክሟል» ብሎ ከቡድን የሚቀንስ ሰው ምን ይባላል? አሰልጣኝ አይባልም! መጀመሪያ ምንም ሥልጠና ሳትቀይሩ አትሌቶቻችሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለኩ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የመለኪያችሁ ስሕተት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ለውጥ ለውጥ አይደለም፤ አትሌት አይቀነስበትም፣ አሰልጣኝም አይሞገስበትም።

ለሯጭ ከሁሉ የሚቀርበው ከሳጥን ወርዶ መንጠር ነው። ሳጥኑ 30 ሴንቲሜትር ይሁን፤ አትሌቱ አንድ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ይውረድ እንጂ ከላይ አይዝለል፣ ጉልበቱን አጥፎም ዝቅ አይበል። አለዚያ የወረደበት ከፍታ 30 አይሆንም። የአየር ላይ ጊዜው እግሩ መሬት ላይ ለቆየበት ጊዜ ይካፈላል። 0.50ን ለ0.20 ስታካፍሉ 2.5 ታገኛላችሁ፤ 0.55ን ለ0.30 ስታካፍሉ 1.8 ገደማ። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ዘሏል፤ ግን በውድድር ፍጥነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው 0.2 ሴኮንድ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ በመሆኑ የሚጠቅመን የመጀመሪያው ነው። ከፍታውን ብቻ የሚያነብ አሰልጣኝ አትሌቱን ቀስ ብሎ መዝለል ያስተምረዋል። ንክኪው ከ0.25 ካለፈ ወይም ተረከዝ ወለሉን ከመታ ያንን ሙከራ ሰርዙት።

ስለ ብረት አጭር ልበል። ክብደት ማንሳት ያልለመደን ሯጭ በአንድ ጊዜ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት እንዲያነሳ አታስገድዱት። አሠራሩ ሳይበላሽ 5 ጊዜ የሚሠራውን ስኳት፣ ማለትም ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳትን፣ ያዙ፤ ድግግሞሹን ለ30 አካፍላችሁ 1 ጨምሩ፣ በክብደቱም አባዙ። 80 ኪሎ 5 ጊዜ የሠራ 93 ኪሎ ገደማ ይገመታል። ድግግሞሹ ከ10 ሲያልፍ ግምቱ ይሳሳታል። የሚቀመጥበት ጥልቀት በየጊዜው አንድ ይሁን፤ የአትሌቱም የሰውነት ክብደት በዚያው ቀን ይመዝገብ፤ ሯጭ ሲከሳ ያው 93 ኪሎ ሌላ ትርጉም አለውና።

ባትን አትርሱ። በአንድ እግር ተረከዝን ማንሳት፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ ግድግዳውን በጣት ጫፍ ብቻ በመንካት። ጉልበት ሲታጠፍ ወይም ከፍታው ሲቀንስ ቆጠራው ያበቃል። ከድምሩ ይልቅ የግራና የቀኙን ልዩነት እዩ።

ዝላዩን በየሳምንቱ መድገም ይቻላል፤ ስኳቱን በየ6 እስከ 8 ሳምንት ብቻ፣ ከዋና ውድድር ራቅ አድርጋችሁ። ውጤቱንም በዚያው ቀን ለአትሌቱ ንገሩት። አመሰግናለሁ።