አንድ ድምፅ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔ፣ ማይክሮፎኔና ኮምፒውተሬ ብቻ ነን። መጀመሪያ አንድ ነገር ላሰማችሁ።

(አጭር የሳንቲም ድምፅ ይሰማል)

ሰማችሁት? ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። ይህን ግማሽ ሰከንድ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የማወራችሁም ስለ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ትንሽዬ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራች ነበር። የድሮዎቹን ዓይነት፤ ትልልቅ ፒክስል፣ የሚዘል ልጅ፣ የሚለቀም ሳንቲም። «ድምፁን አንተ ሥራልኝ» አለችኝ። ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ። እነዚያን ድምፆች ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። የብዙዎቹን ጨዋታዎች ታሪክ ረስቼዋለሁ፤ ዜማቸው ግን አሁንም ዕቃ ሳጥብ ከአፌ ይወጣል።

የሙዚቃ ሶፍትዌሬን ከፈትኩ። «8 ቢት» ተብሎ የተሰየመ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫንኩ። ዜማ አስገባሁና ላክሁላት። ሰምታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሱን ይመስላል፣ ግን እሱ አይደለም» አለችኝ።

ልክ ነበረች። እኔም ሳዳምጠው ታውቆኛል። ቃናው የድሮ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን የበር ደወል ይመስላል። ተጫንከው፣ ጮኸ፣ አለቀ። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ሄድኩ። የፒያኖ ድምፅ ላይ ቢትክረሸር፣ ማለትም የድምፅን ጥራት የሚያወርድ መሣሪያ፣ ጫንኩበት። ጥራቱን እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ ወረድኩ። አሸዋ የተበተነበት ፒያኖ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «8 ቢት» የተባለው የማሽኑ ፕሮሰሰር ነው እንጂ ድምፁ አይደለም። ድምፁ በአብዛኛው ከሌላ ነገር ተቀድቶ የተበላሸ አልነበረም። የማሽኑ የድምፅ ቺፕ እዚያው፣ በዚያው ቅጽበት፣ ከምንም ተነስቶ የሚፈጥረው ንጹሕ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ድምፅን በማቆሸሽ እዚያ አይደረስም።

እስቲ ቺፑን እንየው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም የተባለውን የጨዋታ ማሽን አወጣ። በሌላው ዓለም ኤንኢኤስ ብለን የምናውቀው ማለት ነው። የዚህ ማሽን ድምፅ አምስት ቻናል ብቻ ነበረው። ሁለት የፐልስ ሞገድ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ አንድ ኖይዝ («ሽሽሽ» የሚል ድምፅ)፣ እና አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን የሚያጫውት አንድ ቻናል። ዜማው፣ አጃቢው፣ ቤዙ፣ ከበሮው፣ የዝላዩና የፍንዳታው ድምፅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጣበው ነው የሚኖሩት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ደግሞ ሦስት ድምፅ ብቻ ነበረው። የእሱን ሲድ የተባለ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያኔስ ነው፤ ፊልተር (የድምፅ ማጣሪያ) ስላስገባበት ሲድ ከሌሎቹ ይልቅ ወፈር፣ ሞቅ ይላል። እኔ ግን ልቤ ያለው ኤንኢኤስ ላይ ነው። ቀጭን ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግልጽ ነው።

ፐልስ የሚባለው ሞገድ በጣም ቀላል ነገር ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ያውቃል፤ ላይ እና ታች። በመሃል መንገድ የለም። ቃናውን የሚወስነው በእያንዳንዱ ዙር ላይኛው ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ግማሹን ጊዜ፣ ማለትም 50 ከመቶውን ከቆየ ድምፁ ክፍት ይሆናል፤ ክላርኔት ክላርኔት ይላል። 25 ከመቶ ሲሆን ደመቅ ይላል። 12.5 ከመቶ ሲሆን ደግሞ ይቀጥናል፣ በአፍንጫ የሚዘፈን ይመስላል። የድምፁ መጠንም ከ0 እስከ 15 ነው። 16 ደረጃ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ የገዛሁት ፕለጊንም በደንብ ያደርገው ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱን ያገኘሁት ፋሚትራከር የሚባል ነፃ የኤንኢኤስ ሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ስከፍት ነው። ትራከር የሚባለውን ዓይነት ፕሮግራም ካላያችሁ፣ ኖታው ከግራ ወደ ቀኝ አይሄድም፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቁጥር በቁጥር ነው። መጀመሪያ ሳየው የሂሳብ መዝገብ መሰለኝ። አንድ የተሠራ መሣሪያ ከፈትኩና ውስጡን አየሁ። ለድምፁ መጠን የተሰለፉ ቁጥሮች አሉ፦ 15፣ 15፣ 12፣ 10፣ 9፣ 8... ለቃናው ሌላ ሰልፍ አለ። ለከፍታውም ሌላ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ፍሬም ነው። አንድ ፍሬም ደግሞ የሰከንድ 1/60 ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ይታደሳል። አብዛኛው ጨዋታ ሙዚቃውንም በዚያው ፍጥነት ያድስ ነበር። በእያንዳንዱ ፍሬም ፕሮግራሙ ለቺፑ «አሁን ቀንስ፣ አሁን አቅጥን፣ አሁን ከፍ በል» ይለዋል። ቺፑ በራሱ የሚያውቀው ከድርቅ ያለ ጩኸት ብዙም አይዘልም። እኛ የምንወደው ድምፅ የሚመጣው ከእነዚያ ትእዛዞች ነው። ሞገዱን ይዤ እንቅስቃሴውን ትቼው ነበር ማለት ነው።

ያን ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። እውነቴን ነው።

አሁን ሳንቲሙን እንፍታው። ሁለት ኖታ ነው። ሲ ላይ ይጀምርና ወደ ላይኛው ሚ ይዘላል። የመጀመሪያው ኖታ አራት ፍሬም ብቻ ይቆያል፤ ጆሮ ገና ሳይዘው ያልፋል። ሁለተኛው በ15 ይጀምርና በየሁለት ፍሬሙ አንድ ደረጃ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። ሁለቱ ኖታ በአንድ ላይ 34 ፍሬም፤ ግማሽ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ሲል። ይህን ብቻ ስታደርጉ እንዲህ ነው።

(የሳንቲም ድምፅ)

ደህና ነው። አሁን አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱም ኖታዎች የመጀመሪያ ፍሬም ላይ ቃናውን 12.5 ከመቶ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወደ 50 እመልሰዋለሁ። አንድ ፍሬም ብቻ!

(የሳንቲም ድምፅ፣ በድጋሚ)

ሰማችሁ? ብረት ብረቱን የነካ ያህል ጫፍ አወጣ። ያ ለውጥ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ለብቻው ብትሰሙት ምን እንደሆነ አታውቁትም። እዚያ ካልነበረ ግን መጉደሉ ይታወቃል።

ኮርድም፣ በአንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች ማለት ነው፣ እንደዚሁ ነው። አንድ ቻናል አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚጫወተው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል በአንድ ላይ ላጫውት ብል ሦስት ቻናል ይበላብኛል። የድሮ ሰዎች ምን አደረጉ? በየፍሬሙ አንድ ኖታ እየቀያየሩ አዞሩት። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፤ በሰከንድ 20 ዙር። ጆሮ መለየት ያቅተዋል፤ ተንቀጥቅጦ የሚያበራ አንድ ኮርድ ሆኖ ይሰማዋል። ፈጣን አርፔጂዮ የሚባለው ይህ ነው። በኮሞዶር 64 ላይ እንደ ሮብ ሀባርድ ያሉ የጨዋታ ሙዚቃ ደራሲዎች በዚህ ዘዴ ተጠበውበታል። ከእጥረት የመጣ መላ ነው፤ ዛሬ ግን ይህን ድምፅ ስንሰማ «ጨዋታ!» የምንለው በእሱ ምክንያት ነው።

ሦስት ማዕዘኑ ሌላ ጠባይ አለው። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የለውም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ቀስ እያለ የሚጠፋ ቤዝ አይታሰብም። ቤዙን በአጫጭሩ መቁረጥ ነው መፍትሔው፤ የእነዚያ ጨዋታዎች ቤዝ እየዘለለ የሚሄደው አንድም በዚህ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ይኸው ቻናል ኪክ ከበሮም ይሆናል። ከፍ ካለ ኖታ ተነስታችሁ በሦስት አራት ፍሬም ውስጥ ወደ ታች ጣሉት። ዱም! ይላል። ኖይዙን በዚያው ቅጽበት ትንሽ ካነካካችሁበት ሙሉ ከበሮ ነው። ቤዝና ኪክ በአንድ ቻናል ተራ እየተጠባበቁ ይኖራሉ።

ትራከር የግድ አይደለም። የሙዚቃ ሶፍትዌር ካላችሁ በዚያው ይሠራል። እኔ በመጨረሻ ወደለመድኩት ሶፍትዌር ነው የተመለስኩት። ፐልስ ያለው ማንኛውም ሲንተሳይዘር ይበቃል። ነፃ ከፈለጋችሁ ኤልኤምኤምኤስ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር የጌምቦይንና የኮሞዶርን ቺፕ የሚመስሉ መሣሪያዎች ይዞ ይመጣል። አታኩን፣ ማለትም ድምፁ ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ዜሮ አድርጉት። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) አጥፉ። አንድ ቻናል፣ አንድ ኖታ። ማሚቶ ካማራችሁ ሁለተኛውን ፐልስ ውሰዱና ያንኑ ዜማ ትንሽ አዘግይታችሁ፣ ድምፁን ቀንሳችሁ አጫውቱት። ቪብራቶውም ኖታው እንደተነሳ አይጀምር፤ ትንሽ ይቆይ። ዘፋኝም ድምፁን የሚያወዛውዘው ኖታው ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ቴምፖውን (የዜማውን ፍጥነት) በደቂቃ 150 ምት ላይ አድርጉት። በ150 አንድ አስራ ስድስተኛ ኖታ ልክ ስድስት ፍሬም ይሆናል። ስለዚህ ግሪዱን (ጊዜውን የሚከፋፍሉትን መስመሮች) በስድሳ አራተኛ ትሪፕሌት ስታደርጉት እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፍሬም ነው። ከዚያ የድምፁን መጠንና የቃናውን አውቶሜሽን (በጊዜ የሚለዋወጡበትን መስመር) በዚያ ግሪድ ላይ ሣሉ። መስመሩ ለስላሳ አይሁን፤ ደረጃ ደረጃ ይሁን። ለስላሳ ቁልቁለት ስትሥሉ ድምፁ ወዲያው ዘመናዊ ይሆናል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ባክኛለሁ።

ሳንቲሙን ሰምታ ጓደኛዬ ሳቀች። ሌላ አስተያየት አላስፈለገኝም። ከዚያ ዝላዩን፣ የእግር ኮቴውን፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ዜማ ሠራሁ። ሁሉንም ጨዋታው ውስጥ አስገባነው። ያኔ አንድ ነገር አስቸገረን።

በድሮው ማሽን ልጁ ሲዘል የዝላዩ ድምፅ ቻናል ያስፈልገዋል። ትርፍ ቻናል የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሙዚቃው ላይ አንዱን ይነጥቃል፤ ድምፁ እስኪያልቅ ያኛው የሙዚቃ ክፍል ይጠፋል። በዛሬ ኮምፒውተር ይህ ችግር የለም፤ አንድ ሺህ ድምፅ ቢደራረብ ግድ የለውም። እኔ ግን እንደ ድሮው እንዲነጥቅ አደረግኩት። ዝላዩ ሁለተኛውን ፐልስ፣ ማሚቶውን የያዘውን፣ እንዲወስድ።

ጓደኛዬ ተጫወተችና «ስዘል ሙዚቃው የሚሳሳው ለምንድን ነው? ስህተት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። እንደገና ተጫወተች። አሁን ሆን ብላ እየዘለለች ነው። ዘለል፣ ዘለል፤ ማሚቶው ይጠፋል፣ ይመለሳል። የዝላዩን ጊዜ ከዜማው ጋር ማስማማት ጀመረች። ደረጃውን መጨረስ ትታ አንድ ድንጋይ ላይ ቆማ ስትዘል አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ።

በመጨረሻ «አትንካው፣ እንዲሁ ይሁን» አለች።

ያን ቀን ስትጫወት ቀድቼዋለሁ። ላሰማችሁና በዚሁ እንለያይ። ከኋላ ያለውን ማሚቶ ብቻ ተከተሉት፤ ስትዘል ይሄዳል፣ እግሯ መሬት ሲነካ ይመለሳል።

(የጨዋታው ዜማ ከዝላይ ድምፆች ጋር ይሰማል)