«ፕዋሶን!»፦ የሲሼልስ ልጆች ትምህርት እንዴት ይጀምራሉ?

[ምስል፦ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ልጆች። የመምህርቷ እጅ የዓሣ ሥዕል ይዟል።]

መምህርቷ ሥዕሉን ከፍ አድርጋ አሳየች እንበል። ልጆቹ ሦስት ዓመት ተኩል፣ ቢበዛ አራት ቢሆናቸው ነው። «ፕዋሶን!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ዓሣ ማለታቸው ነው። አንዱ ልጅ በዚህ አይበቃውም። አባቱ ትናንት ያጠመደው ዓሣ ምን እንደሚያህል ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያል። ወሬውን አያቆምም። መምህርቷም ቁጭ ብላ ትሰማዋለች።

ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። ግን አፉ አልተሳሰረም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነገር ነው።

[ምስል፦ ካርታ። ሕንድ ውቅያኖስ።]

ሲሼልስ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ ከ100,000 በላይ ነው። በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። ሰዉ ከሞላ ጎደል የሚኖረው በሦስት ደሴቶች ነው፦ ማሄ፣ ፕራሊን እና ላ ዲግ። በዓመት የሚወለዱት ሕፃናት 1,600 አካባቢ ናቸው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በየቤቱ የሚወራው ክሪዮል ነው። ከፈረንሳይኛ የተወለደ ቋንቋ ነው፤ ያሳደጉት ግን ከአፍሪካ እና ከማዳጋስካር በባርነት የመጡ ሰዎች ናቸው። ለረጅም ጊዜ «የተበላሸ ፈረንሳይኛ» እየተባለ ተንቋል። ልጅ የእናቱን ቋንቋ ደጅ ትቶ ነበር ክፍል የሚገባው። አገሪቱ በ1976 ነጻ ወጣች። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1981 ክሪዮል ብሔራዊ ቋንቋ ሆነ። በዓመቱ፣ በ1982፣ ወደ ክፍል ገባ። እናት ለልጇ ስታወራው የኖረችው ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው የምለው።

እኔ መዋለ ሕፃናት የገባሁት አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ያስጠኑን «ኤ ፎር አፕል» ነበር። ፖም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቤታችን ያለውን እንሰት፣ ጓሮ ያለውን ኮክ ማንም አልጠየቀኝም። ያን ዓመት ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ ነው ያለፍኩት። ለዚህ ነው ያ ዓሣ የሚለካው ልጅ ከልቤ ደስ የሚለኝ።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ። ትልልቅ እና ትንንሽ ተማሪዎች አብረው።]

ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል ክሬሽ ይባላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፤ ታላቅ እህቱ እዚያው ግቢ ናት። አንደኛ ክፍል ሲያልፍ በሩን ያውቀዋል፣ መጸዳጃው የት እንዳለ ያውቃል። ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። ጥቂት ክፍል ካለፉ በኋላ ዋናው ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ይሆናል። ፈረንሳይኛም አለ። ስለዚህ «ለምን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ አይጀምሩም?» የሚል ወላጅ ሞልቷል። ስጋታቸው ይገባኛል። የአገሪቱ እንጀራ ቱሪዝም ነው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሥራ ያስገኛል። እኔ ግን ልጅ መጀመሪያ ሐሳቡን በሚያውቀው ቃል ይናገር ባይ ነኝ። ሁለተኛው ቋንቋ የሚቆመው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከክሬሽ በፊት ያሉት ዓመታት።

[ምስል፦ ሊነጋጋ ሲል። አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት፣ ሕፃን አቅፋ።]

የወሊድ ፈቃድ 16 ሳምንት ነው። ክሬሽ የሚገባው ደግሞ በሦስት ዓመት ተኩል። መካከሉን ቁጠሩት። ሦስት ዓመት ያልፋል። እናት ሆቴል የምትሠራ ከሆነች ፈረቃ አላት፤ ቅዳሜና እሁድም ትገባለች። የግል መዋያ አለ፣ ግን ይከፈልበታል። አያትም ብትሆን ዛሬ ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ብዙ እናቶች ልጃቸውን ቤቷ ልጅ ለምታውል የሰፈር ሴት ይሰጣሉ።

በ2013 መንግሥት ለዚህ ዕድሜ ብቻ የሚሠራ ተቋም አቋቋመ፤ የቅድመ ልጅነት ዕድገት ኢንስቲትዩት። ቤታቸው ልጅ የሚያውሉ ሴቶች እንዲመዘገቡ፣ እንዲሠለጥኑ፣ ቤታቸውም እንዲታይ ይሠራል። የጤናውን፣ የትምህርቱን እና የማኅበራዊ ጉዳዩን ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥም ይጥራል።

አሁን ወደ 1,600 እንመለስ። ትንሽ አገር መሆን ብዙ ያጎድላል። በክሪዮል የሚጻፍ የልጆች መጽሐፍ ገዢው ጥቂት ነው። ግን 1,600 ልጅ በስም ሊታወቅ የሚችል ቁጥር ነው። ክትባት የሰጠችው ነርስ እና የክሬሹ መምህርት አንድ ገበያ ይገናኛሉ። ማንም ልጅ ሳይታይ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

[ምስል፦ ትንሽ ሳሎን። ወለል ላይ ሦስት ሕፃናት።]

ከእነዚያ ቤቶች አንዱን ገብተን እንይ። ሴትየዋ ሙዝ እየላጠች ነው። ትንሿ ልጅ እጇን ትዘረጋለች። ሴትየዋ ቶሎ አትሰጣትም፤ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኗን እያየች «ባናን» ትላታለች።

ልጅቷ ታስባለች። «ናን» ትላለች።

ሙዙን ተቀበለች።